«ሩዝ የሚታጨደው መቼ ነው?»

ስሜን ሳልጠቅስ ብጽፍ አትቀየሙኝ። ወረታ ትንሽ ከተማ ናት። የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ቆማችሁ የእገሌን ልጅ ብትጠይቁ ቤት ድረስ የሚያደርሳችሁ አይጠፋም።

በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አሜሪካ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተቀበለኝ። ግማሹን ክፍያ ይሸፍንልኛል፤ የቀረውንና የመኖሪያውን እንደምችል ማሳየት ነበረብኝ። አይ-20 የሚሉት ወረቀት ላይ የዓመቱ ወጪ በዶላር ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አባቴ እንግሊዝኛ አያነብም፤ ቁጥር ግን ያነባል። ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይሄ በሩዝ ስንት ኩንታል ይሆናል?» አለኝ። አስልቼ ነገርኩት። ዝም አለ።

በሳምንቱ ሁለት ከብት ሸጠ። የፎገራን ከብት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ወተቱ የማይጠገብ። አንደኛዋ ላም እኔን በወተቷ ያስተማረች ናት። ዋጋዋ የተማሪ መመዝገቢያውን 350 ዶላርና የቪዛውን 160 ዶላር ለመክፈል ዋለ። በጊዜው ምንዛሪ ከ26 ሺህ ብር በላይ መሆኑ ነው። የቪዛው ደግሞ ቢከለከሉም አይመለስም!

አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ታዲያ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ዘንድ ወሰደኝ። ሰውዬው ፋይሌን ከፈተና ሳቀ። የአባቴን የመሬት ይዞታ ደብተር፣ አባቴና እናቴ ጎን ለጎን ፎቶ የተለጠፉበትን፣ በጣቱ ገፋ አደረገው።

«መሬት አይሸጥ አይለወጥ፤ ለኤምባሲ ምን ያደርግለታል? የገበሬ ልጅ ነኝ ብለሽ ከገባሽ ሄዳ ትቀራለች ብለው ይመልሱሻል። አባትሽ የሩዝ መፈልፈያ ፋብሪካ አለው። አለቀ!»

እኔም አለቀ አልኩ። ግንቦት መጨረሻ ላይ የማላውቀው ሰው ገንዘብ ባንክ ደብተሬ ውስጥ ገባ። ከኢንተርቪው ማግስት ይመለሳል፤ «ኪራዩ» 20 ሺህ ብር። ሌሊት ሌሊት ስለማላውቀው ፋብሪካ ሳጠና አደርኩ። ስንት ሠራተኛ፣ ስንት ማሽን፣ በቀን ስንት ኩንታል...

ሰኔ ላይ መስኮቱ ፊት ቆምኩ። ቆንስሏ ፈገግታ ያላት ሴት ነበረች። ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። አባትሽ ምን ይሠራል አለች፤ ፋብሪካውን ነገርኳት። ይህ ገንዘብ ከየት መጣ አለች፤ ከሩዝ ሽያጭ አልኳት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፦

«ሩዝ የሚታጨደው መቼ ነው?»

እናንተዬ! ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ሳላጠና የማውቀው ይሄ ብቻ ነበር። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ሐይቅ ሲመስል፣ ነሐሴ ላይ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ማረም፣ ኅዳር ላይ ማጭድ... ያደግኩበት ነው። «ኅዳር፣ ከዘገየም ታኅሣሥ» አልኳት፤ ኩራትም ሳይሰማኝ አልቀረም። እሷ ወረቀቱን አየችና «ገንዘቡ ግን የገባው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው» አለች።

የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ? መልሱ ቀላል ነበር። የፎገራ ገበሬ አቅም ካለው ሩዙን አቆይቶ ክረምት ሲገባ፣ ዋጋው ሲወደድ ነው የሚሸጠው። ይህን አገር ያውቀዋል። እኔ ግን የፋብሪካ ባለቤት ልጅ ሆኜ ቆሜ ስለነበር የገበሬዋ ልጅ መልስ አልመጣልኝም።

የሰጠችኝ ወረቀት 214(ለ) የሚባለውን አንቀጽ ይጠቅሳል። በ1952 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢሚግሬሽን ሕጋቸው መሠረት አመልካች ሁሉ መጀመሪያ ሊቀር የሚሄድ ተደርጎ ይገመታል፤ እንደሚመለስ ማስረዳት የሱ ፋንታ ነው። ይግባኝ የለውም፤ እንደገና ከፍሎ ማመልከት ግን ይቻላል። ሐሰተኛ ሰነድ አቅርባለች ተብሎ ከተመዘገበ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። ይህን ያወቅኩት ከወጣሁ በኋላ ነው። ጉልበቴ ከዳኝና አጥሩ ጥግ ተቀመጥኩ።

አባቴን «አልቀናኝም» አልኩት። «ዕድል ነው ልጄ» አለኝ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ጎረቤት ሲጠይቀው ፈረንጆቹን ይረግማል፤ እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ከ2015 ክረምት ወዲህማ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ፣ መንገዱም እንደምታውቁት ሆኖ፣ ማመልከት የሚባለውን ነገር ረሳሁት።

የነገርኩት ነሐሴ 2016 ላይ ነው፤ አረም ላይ ሆነን፣ ሁለታችንም ጭቃ ውስጥ። መጀመሪያ ሳቀ። «ፋብሪካ ካለኝማ አሳዪኝ፣ ለአረሙ ሰው ልቅጠርበት» አለ። ከዚያ እስኪመሽ አንድ ቃል አልተናገረም። ማታ እራት ላይ፣ እንጀራውን እንደያዘ፦

«ላሟን የሸጥኩት እኔ ነኝ። እኔን የሸጥሽኝ ግን አንቺ ነሽ» አለኝ።

እናቴ ተነስታ ወጣች። እኔም የምለው አጣሁ።

አሁን እንደገና ጀምሬያለሁ፤ በዚህኛው ወጪውን ሙሉ በሙሉ የሚችለኝ ትምህርት ቤት አግኝቼ። ዶላሩማ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ስለዚህ ለምታመለክቱ ሁሉ የምለው፣ ከመክፈላችሁ በፊት በፓስፖርቱ፣ በልደት ካርዱና በትምህርት ማስረጃው ላይ የስማችሁን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ አስተያዩ። የኔ አያት ስም በሦስት ዓይነት ተጽፎ ነበር፤ እሱን ማስተካከል ብቻ ወራት ፈጀብኝ። «ገንዘብ እናሳይልሃለን» የሚላችሁን ደግሞ እንዳትሰሙት።

በ2017 ክረምት አሜሪካኖቹ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡት የተማሪ ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንደሚሆን አስታውቀው ነበር። ለጥየቃ የመጣ ለመመለስ አዲስ ቪዛ መጠየቅ አለበት ማለት ነው። ይህን ስነግረው አባቴ ጥቂት አሰበና «እንግዲያ ከሄድሽ ለፋሲካም የለሽማ» አለ። ሂጂም አትሂጂም አላለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ኩንታል ሩዝ ሊሸጥ ገበያ ወጥቶ ነጋዴውን ደረሰኝ ቢጠይቀው ሰዉ ሁሉ ሳቀበት አሉ። ማታ ሲመጣ ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ይዞታ ደብተሩ መሐል አስገባው። «ቀኑን ጽፎበታል፤ አይተሽ አረጋግጪ» አለኝ።