በጎረቤታሞች መካከል ስለሚነሣ የጢስና የውኃ ክርክር

በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ያገለገልንበት ዘመን ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በእጃችን ከጻፍነው የባለጋሮች ቃል መካከል እጅግ መራራ ሆኖ ያገኘነው የሰፊ መሬት የወሰን ክርክር አይደለም። ወሰን ቢጠፋ ገመድ ይጣልበታል፣ ሽማግሌ ይመሰክርበታል፣ ድንጋይ ይተከልበታል፤ ነገሩም ያልቃል። ነገር ግን ከአንዱ ግቢ ተነሥቶ ወደ ሌላው የሚሻገር ጢስ፣ ከጣራ ወርዶ የጎረቤትን ግድግዳ የሚያርስ ፍሳሽ፣ ሌሊት የሚጮኽ ወፍጮ የክርክር ምክንያት የሆነ እንደ ሆነ፣ የሚለካበት ገመድ የለምና ባለጋሮቹ ከችሎት ሲወጡም እንደ ተኳረፉ ናቸው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1225ኛው ቁጥር ስለዚህ ነገር ደንግጓል። ባለመሬት በመሬቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዝዛል፤ ጢስን፣ ጥቀርሻን፣ ክፉ ሽታን፣ ጩኸትንና መንቀጥቀጥን በየስማቸው ይጠራል፤ ነገር ግን ፈጽሞ አልከለከላቸውም። የተከለከለው ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈው ነው፤ ልኩም በአገሩ ልማድ፣ በመሬቱ አቀማመጥና በጠባዩ ይታያል። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ልኩን ለዳኛ መተዉም ስንፍና አይመስለንም፤ እንጀራ የማይጋገርበት ግቢ ወዴት ይገኛል? ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ እኛ ባለይዞታዎች እንጂ ባለርስቶች አይደለንም፤ ጢሱ ግን ርስትንና ይዞታን ለይቶ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ዐውቀን ሳለ በራሳችን ላይ የደረሰውን እንናገር። ከግቢያችን በስተምሥራቅ ጠላ ጠምቀው የሚተዳደሩ አንዲት አረጋዊት መበለት አሉ። አሻሮ በሚያምሱበት ቀን ጢሱን ነፋስ እየገፋው በመስኮታችን ይገባል። ታናሹ ልጃችን ደረቱ ደካማ ነው፤ ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብሎ ሲያስል አደረ፤ እኛም ከአጠገቡ ቁጭ ብለን አደርን። በአራተኛው ሌሊት ብዕርና ወረቀት አምጥተን አቤቱታ ጻፍን። የእጅ ጽሕፈታችን ከየኔታ የተማርነው ነውና ያማረ ነበር፤ የሕጉንም ቁጥር ጠቀስን፤ ከአንዲት ቃል በቀርም ሐሰት አልጨመርንም፤ እርሷም በሳምንት ሦስት ቀን የሚሆነውን «ዘወትር» ማለታችን ናት።

የቤታችን እመቤት ሲነበብ ሰምታ ስታበቃ፣ «በችሎት ከመነበቡ በፊት ለእርሳቸው ቢነበብላቸው ምን ይጎድልብሃል?» አለችን።

ቅዳሜ ጧት ወረቀቱን ይዘን ሄድን። መበለቲቱ በርጩማ ሰጥተውን እስከ መጨረሻው ጸጥ ብለው ሰሙና፣ «ልጄ፣ አጻጻፍህስ ያማረ ነው፤ የልጅህንም ሳል እኔም ሌሊት እሰማዋለሁ። አሁን ደግሞ ና፣ የእኔን ተመልከት» ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱን። ከአጥሩ ሥር ባለው ጉድጓድ ባልዲ ጣሉ፤ ገመዱ ሁሉ አልቆ የወጣው ግማሽ ባልዲ ጭቃ ነው። ቀና ብለን ብናይ፣ ከአጥሩ ወዲያ ተሰልፈው የቆሙት ዐሥራ አንድ ባሕር ዛፎች የእኛ ነበሩ። ለልጆቻችን ትምህርት አጣና እንሸጣለን ብለን ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተከልናቸው ናቸው።

«ባሌ በቆፈረው ጉድጓድ ሠላሳ ዓመት ጠምቄበታለሁ፤ ዛፍህ ሲያድግ ውኃው ሸሸ። አሁን በጀሪካን እገዛለሁ። እኔም ጸሓፊ ልፈልግ እንዴ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው እንግሊዝኛ በዚያ ሌሊት ጠበቃ ሆኖ ይሟገትልን ጀመር። በፈረንጆች ዘመን በ1879 በለንደን ከተማ፣ በዊግሞር መንገድ ከሃያ ዓመት በላይ በሁለት ትልልቅ ሙቀጫዎች ሲወቅጥ በኖረ ጣፋጭ ሠሪና፣ በጓሮው ጫፍ የሕሙማን መመርመሪያ ክፍል በሠራ ጎረቤቱ ሐኪም መካከል የተፈረደውን አሰብን። ጩኸቱ ማንንም ባላወከበት ዘመን የሚከስ ሰው ሊኖር አይችልምና የዓመቱ ብዛት መብት አያስገኝም ተብሎ ለሐኪሙ ተፈረደለት፤ ሙቀጫውም ዝም አለ። ይህ በጢሱ ነገር ለእኛ ይረዳናል። ስለ ውኃው ደግሞ በ1895 የብራድፎርድ ከተማ ፒክልስ የተባለውን ባለመሬት የተከራከረበት ነገር አለ። ሰውዬው በገዛ መሬቱ ቆፍሮ ከምድር በታች ወደ ከተማው ምንጭ የሚሰርገውን ውኃ ቢያስቀር፣ የእንግሊዝ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ችሎት፣ አሳቡ ክፉም ቢሆን ሥራው የተፈቀደ ነው ብሎ ፈረደለት። የአገራችን ሕግ ግን ሌላውን ለመጉዳት ብቻ ተብሎ የሚደረገውን ሥራ ጥፋት ይለዋል፤ እኛም ለመጉዳት አልተከልንም፤ እንግዲህ በሁለቱም በኩል ነፃ ነን ብለን ተኛን። ሲነጋ ግን ያ ጭቃ ታወሰን፤ የለንደንን ዳኞች ተገን አድርጎ በአንዲት መበለት ጉድጓድ ፊት መቆም አሳፈረን።

ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገሩን አዩት። መበለቲቱ ምድጃቸውን ከአጥሩ ሊያርቁ፣ አሻሮውንም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በደረቅ እንጨት ሊያምሱ ተስማሙ፤ የጢስ ማውጫውን ቆርቆሮ እኛ ገዛን። ስለ ዛፎቹ ሽማግሌዎቹ ሁሉም ይቈረጡ ባሉ ጊዜ፣ «የልጆቹ ትምህርት ነው፤ የራቁት ይቅሩለት» ብለው ለአምስቱ የተከራከሩልን መበለቲቱ ራሳቸው ናቸው። እኛ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰባት እናስቀራለን ብለን ቃል ስናዘጋጅ ነበርን። ስድስቱ ተቈረጡ።

ዘንድሮ በታኅሣሥ ልጁ አንድ ሌሊት ብቻ አሳለ። አቤቱታው እስከ ዛሬ በሣጥናችን ውስጥ አለ፤ ጽሕፈቱ ስለሚያምር መቅደድ አልሆነልንም። ባሕር ዛፍ ግን ተቈርጦ የሚቀር ዛፍ አይደለም፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ባለፈው እሑድ ብናይ ከስድስቱ ጉቶዎች ሦስቱ ክንድ የሚያህል ቀንበጥ አውጥተዋል። መበለቲቱም አይተዋል፤ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ወደ ቀንበጡ ተመልክተው፣ ጤናችንን ብቻ ጠይቀው ሄዱ። መጥረቢያው ለቅዳሜ ተስሏል።