ወፍራም ዘይት ለአሮጌ ሞተር መድኃኒት ነውን?

በጣና ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ሞተር ጀልባ ቅንጦት አይደለም። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ የሚሻገረው ተማሪ፥ ነጋዴና መነኩሴ ሕይወቱን በአንድ ሞተር ላይ ይጥላል። መኪና ቢቆም ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፤ ጀልባ ከሐይቁ መካከል ብትቆም ግን መውረጃ የለም። ስለዚህ በጀልባ ሆድ ውስጥ ተተክለው ስለሚሠሩት አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች፥ ይልቁንም ስለ ዘይታቸው፥ ጥቂት ልናገር አሰብኩ።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገሩን እንድመረምር ያደረጉኝ የአንድ ተማሪዬ አባት፥ ብዙ ዘመን ጀልባ የነዱ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ሞተራቸው ሲሞቅ የዘይቱ ግፊት እንደሚወርድ አጫወቱኝና፥ «መምህር፥ ሰው ሲያረጅ ምርኩዝ ይሻል፤ ሞተር ሲያረጅም ወፍራም ዘይት ይሻል። ከእንግዲህ ቁጥር 40ን ትቼ 50 ላጠጣው ነው» አሉኝ። እኔም፥ «ጋሼ፥ ከማጠጣትዎ በፊት ግፊቱ ለምን እንደወረደ ብንጠይቅስ?» አልኳቸው።

ለመሆኑ በዘይት ዕቃ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንድን ነው? ኤስ ኤ ኢ የሚባለው የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1911 ያወጣውና ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ የታደሰው የውፍረት ደረጃ ነው። 30፥ 40 ወይም 50 የሚለው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ውፍረት ያመለክታል። «15 ደብልዩ 40» በሚለው ውስጥ ደብልዩ የምትለው ፊደል የፈረንጅ አገር የብርድ ወራትን ታመለክታለች፤ ክብደት ማለት የሚመስላቸው ተሳስተዋል። ባለ 15 ደብልዩ ዘይት በሞተር ማስነሻ ጊዜ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ነው። እንዲህ ያለ ብርድ ባሕር ዳርን አያውቃት፤ ስለዚህ ለእኛ ይልቅ የሚያሳስበን የኋለኛው ቁጥር ነው።

ይህን ለተማሪዎቼ ለማሳየት ቁጥር 30 ዘይት በሁለት ረጃጅም ብርጭቆዎች ቀዳሁ። አንዱን እንዳለ ተውኩት፤ ሁለተኛውን በፈላ ውኃ ውስጥ አቆምኩት። በሁለቱም ትንንሽ የብረት ኳሶች ጣልን። በቀዝቃዛው ዘይት ውስጥ ኳሷ እያዘገመች ስትወርድ፥ በሞቀው ውስጥ ግን ወዲያው ታች ደረሰች። እንዲህ ያለ ዘይት ሙቀቱ ከ40 ወደ 100 ዲግሪ ሲወጣ ውፍረቱ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳልና ነገሩ አያስገርምም።

የጀልባ ሞተር ደግሞ ከመኪና ሞተር የተለየ ዕጣ አለው። መኪና ዳገት ቢወጣ ቁልቁለት ያርፋል፤ ጀልባ ግን ቁልቁለት የላትም። ከተነሣች እስክትደርስ ዳገት እንደምትወጣ ናት፤ ዘይቱም ያለ ዕረፍት ይሠራል። እጅግ ከቀጠነ በሚፋተጉት ብረቶች መካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ይሰበርና ብረት ብረትን ይበላል። እጅግ ከወፈረም ጉዳት አለው፤ ሞተሩ ገና ሲነሣ ወደ ላይኞቹ ብረቶች የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። መለኪያው ከፍተኛ ግፊት ያሳያል፤ ነገር ግን ግፊት ማለት ዘይቱ በሚገባ ይፈስሳል ማለት አይደለም። ጠባብ ደጅ ላይ የተጋፋ ሕዝብ ግፊያው ብርቱ ነው፤ የሚገባው ሰው ግን ጥቂት ነው። በሐይቁ ውኃ በቀጥታ የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሌላው ቀዝቀዝ ብሎ ስለሚሠራ፥ ወፍራሙ ዘይት ይልቁን ይከብደዋል።

ወደ ሽማግሌው ሞተር እንመለስ። የዘይቱን ልክ የምታሳየውን ዘንግ ስንመዝዝ ዘይቱ ማነስ ሲገባው ከምልክቱ በላይ ወጥቷል፤ ስናሸተውም ናፍጣ ናፍጣ ይላል። መካኒኩ ሲፈታው በናፍጣ ማመላለሻው ፖምፓ ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ተሰንጥቃ ናፍጣውን ወደ ዘይቱ ታፈስስ ኖሯል። ሽፋኗ ተለወጠች፥ ዘይቱም በዚያው በቁጥር 40 ታደሰ፤ ግፊቱም ተመለሰ። ቁጥር 50 ቢጨመር ኖሮ መለኪያው ለጥቂት ሳምንት ደስ ያሰኝ ነበር፤ ናፍጣው ግን መፍሰሱን አይተውም። ይህም ተሳፋሪ በሞላበት ቀን ከሐይቁ መካከል ይገለጥ ነበር።

እንግዲህ ሥርዓቱ አጭር ነው። መጀመሪያ የሞተሩ ሠሪ በመጽሐፉ ያዘዘውን ቁጥር ማየት፤ በዕቃው ላይም ለናፍጣ ሞተር የሚሆነውን ሲ የምትል ምልክት መፈለግ፤ ኤስ ለቤንዚን ሞተር ናትና። ቀጥሎ ዘይቱን ማሽተትና መልኩን ማየት፤ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። መለኪያውም ራሱ እውነት መናገሩን ማረጋገጥ ይገባል። ይህ ሁሉ ተመርምሮ ጥፋቱ የእርጅና ብቻ ሆኖ ቢገኝ፥ መጽሐፉም ለሞቃት አገር ከፈቀደ፥ አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ነውር የለበትም። ምርኩዝ ለደካማ እግር ይረዳል፤ እሾህ ለወጋው እግር ግን አስቀድሞ እሾሁን መንቀል ነው።