ያለ ሸክም ወደ እንጦጦ

እናቴ «የእግር ጉዞ» የሚባለውን ነገር እስካሁን አልተቀበለችውም። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ካየችኝ፣ መቁጠሪያዋን በእጇ እንደያዘች፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ልታመጪ ነው?» ትለኛለች።

«ምንም አላመጣም፣ እማዬ።»

«ምንም ላታመጪ ነው ዳገት የምትወጪው?»

ቀልድ ይመስላል፤ ግን ቀልድ አይደለም። እናቴ አራት ልጆች ያሳደገችው በዚያው ዳገት ነው። በደርግ ጊዜ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ሽሮ ሜዳ አውርዳ ትሸጥ ነበር። ሌሊት በበረባሶ ትወጣለች፤ ረፋዱ ላይ ጎንበስ ብላ ትወርዳለች። ጥበቃ የያዛት ቀን ገመዷን ትነጠቅና ባዶ እጇን ትመለሳለች። የእሷ ልጅ ዛሬ ውሃ በላስቲክ ይዛ፣ ባርኔጣ አድርጋ፣ «ለመዝናናት» ወደዚያው ስትሄድ ምን ይሰማት ይሆን ብዬ ሳላስብ ብዙ ቅዳሜዎች አለፉ።

እኔ የጀመርኩት ወድጄ አልነበረም። የዛሬ ሦስት ዓመት ሐኪም የደም ምርመራዬን አይቶ ስኳሬ ከፍ ማለቱን ነገረኝና «መድኃኒቱ ይቆየን፤ መጀመሪያ በእግርሽ ሂጂ» አለኝ። ጎረቤታችን ያሉ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ለካ ከባለቤታቸው ጋር በየሳምንቱ እንጦጦ ይወጡ ኖሯል። ተከተልኳቸው። አሁን አምስት ሆነናል፤ ስኳሬም ወርዷል።

ከስድስት ኪሎ በጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንነሳለን። የአሜሪካን ኤምባሲን አጥር እስክናልፍ መንገዱ ሰው አይፈትንም። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም፤ የሻይ ቤቶቹ ጭስ ብቻ ነው የሚቀበለን። ፈተናው ከዚያ በላይ ነው። አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይሄዳል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ወሬ ይቆማል። ሯጮቹ ግን ዳገት መሆኑን ያልሰሙ ይመስል በአጠገባችን ሽው ብለው ያልፋሉ። እኛ ከሽሮ ሜዳ እስከ ማርያም አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብናል፤ አናፍርበትም። እርስዎም ለመጀመር ካሰቡ መምህሩ የነገሩኝን ልንገርዎ፦ እየሄዱ ማውራት ካቃተዎ ፈጥነዋል ማለት ነው። ሹራብም አይርሱ። የተራራው ጫፍ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ላብዎ ሳይደርቅ ብርዱ ይይዝዎታል።

መምህሩ መንገድ ላይ ማስተማር አይተዉም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ከተማዋ ግን ተራራው ላይ አልበረከተችም። ብርዱም አለ፣ እንጨቱም እያለቀ ሄደ፤ እቴጌ ጣይቱ ደግሞ የታችኛውን ሜዳና ፍልውሃውን ወደዱ። አዲስ አበባ እንዲህ ተወለደች። ታች ከወረዱም በኋላ እንጨቱ ማነሱ አልቀረም፤ ያዳናቸው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ እንጦጦን የሸፈነው እሱ ነው። መምህሩ ይህን ሲያወሩ እኔ የማስበው የእናቴን ምጣድ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ይነዳል፤ እንጀራ የሚጋግር ሁሉ ይወደዋል፤ እናቴም እኛን ያበላችን እሱን ሸጣ ነው።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አምና በፋሲካ ዕለት፣ አያቷ ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላላ ያደረችበት ዶሮ ወጥ ቀርቦ፣ «እኔ ከእንግዲህ ሥጋ አልበላም» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ አልተቆጣችም። የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠችና፣ «እኔ እኮ የተሸከምኩት እናንተ ሥጋ እንድትበሉ ነው» አለች። ልጄ አለቀሰች፤ ግን አልበላችም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለሳምንታት ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም። እኔ መሀል ሆኜ የማንን እንደምይዝ ጠፋኝ። እውነቱን ለመናገር የልጄን ሐሳብ ያኔም በደንብ አልገባኝም፣ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልገባኝም።

ያስታረቃቸው ጾም ነው። የነቢያት ጾም ሲገባ እናቴ ለራሷ አዚፋ ስትሠራ ልጄ ማድቤት ገብታ መጠየቅ ጀመረች። ደፍን ምስሩ ስንት ሰዓት ይቀቀላል? ሰናፍጩ በምን ይበጠበጣል? በዚያው ሽሮው፣ ተልባው፣ የሱፍ ፍትፍቱ ቀጠለ። በውጭ ቋንቋ የምግብ ቪዲዮ ስትፈልግ የነበረች ልጅ፣ የምትፈልገው ሁሉ አያቷ ማድቤት ውስጥ እንዳለ ገባት። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ እየተባለ ዓመቱን ግማሽ ያህል ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የሚያበስል ሰው ጥበቡን ከየትም አይማርም። እናቴም አሁን እንግዳ ሲመጣ፣ «ለእሷ ዓመቱ በሙሉ ሁዳዴ ነው፤ እኔ ገና ሳልፈታ እሷ ጀምራለች» እያለች ትስቃለች። ፋሲካ ሲደርስ ግን አሁንም ቅር ይላታል፤ አውቃለሁ።

ዘንድሮ በሁዳዴ እናቴ ስልጆ ጣለች። የባቄላ ዱቄቱን በሱፍ ውሃ አበሰለችው፤ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ጨምራ ቀናት አቆየችው። ዓርብ ማታ ልጄ፣ «እማማ፣ ነገ ይህንን እንጦጦ ላይ እንብላው፤ አንቺም ነይ» አለቻት። እምቢ ትላለች ብዬ ስጠብቅ እናቴ ዝም አለች፤ ቆይታ ደግሞ «በመኪና ከሆነ» አለች።

እኔና ልጄ በእግር፣ እሷ በሚኒባስ ወጣን። ማርያም ስንደርስ ቅዳሴ ወጥታ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችን። ከዚያ ወደ ራጉኤል በሚወስደው መንገድ ቀስ እያልን ሄድን። ልጄ ክንዷን ይዛታለች። እናቴ ዓይኗ ከዛፎቹ አይነሳም። «ይሄ አስፋልት አልነበረም። እዚያ ጋ ምንጭ ነበር። እዚህ ጋ እናርፍ ነበር» ትላለች። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከፈተው ፓርክ ልጄ ስትነግራት ሰማቻትና፣ «ታዲያ ለመግባት የሚከፈለው እኛ በነጻ ለገባንበት ነው?» አለች።

ከተማዋን ቁልቁል የሚያሳይ ቦታ አግኝተን ተቀመጥን። ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለነበር ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ይታያሉ፤ ከኋላቸው ዝቋላ ብቻውን ቆሟል። መምህሩ ያስተማሩንን ልጄ ለአያቷ አስተማረች፦ በዚህ በደቡቡ በኩል የወረደ ዝናብ ወደ አዋሽ፣ በሰሜኑ በኩል የወረደው ወደ አባይ ይሄዳል። የአባዩ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል፤ የአዋሹ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ላይ ይቀራል። እናቴ ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «እኔ ሁልጊዜ በአዋሹ በኩል ነው የወረድኩት» አለች።

እንጀራውን ዘረጋን። ቅዳሜ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም። ስልጆው አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ አዚፋው በሎሚና በቃሪያ ተለውሷል፣ ዳቦ ቆሎም አለ። ከፍታ ላይ በብርድ የተበላ ምግብ ለምን እንደዚያ እንደሚጣፍጥ አላውቅም።

አንዲት ሴት ከጫካው ብቅ ያለችው ያኔ ነው። ቁጥራቸው እንደ ድሮው ባይሆንም አሁንም አሉ። ሸክሙ ከእሷ ይበልጣል፤ ፊቷ አይታይም። እናቴ እንጀራውን ትታ ብድግ አለች። በዚያ ጉልበቷ ፈጥና ስትነሳ ያየኋት ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው። «ነይ እዚህ ላይ አሳርፊው» ብላ ከመንገዱ ዳር ወገብ ድረስ ከፍ ወዳለው ድንጋይ መራቻት። ሴትየዋ ጀርባዋን ሰጥታ ሸክሙን ድንጋዩ ላይ አስደገፈችና ተነፈሰች። የእኔ ዕድሜ ነች፤ ምናልባትም ከእኔ ታንሳለች።

አብራን ቁጭ ብላ በላች። ስልጆውን ስትቀምስ «የማን እጅ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ልጄ ወደ አያቷ ጠቆመች። ብዙ አልተወራም። ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀቻት፤ ነገረቻት። ልጆች እንዳሏት ጠየቀቻት፤ ሦስት አለች። ልትነሳ ስትል እናቴ ገመዱን አየችና፣ «ይሄ ትከሻሽን ይበላሻል፤ ጨርቅ አድርጊበት» ብላ የራሷን ነጠላ ጫፍ ልትቀድ ስትል ልጄ ከቦርሳዋ ሻሿን አውጥታ ሰጠቻት። ሦስታችን አንስተን አሸከምናት። ያን ጊዜ ክብደቱ በእጄ ገባ። ያን ዳገት ለሦስት ዓመት ስመላለስበት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ስንመለስ እናቴ በሚኒባስ አልወርድም አለች። «ቁልቁለት ነው፤ እችላለሁ።» አልቻለችም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠና ታክሲ አስቆምን። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ወደ ጫካው እያየች ብዙ ዝም አለች። ሽሮ ሜዳ ልንደርስ ስንል ወደ ልጄ ዞረች።

«በሚቀጥለው ቅዳሜ አዚፋውን አንቺ ሥሪው። እኔ ሰናፍጭ አሳንሼበታለሁ።»