መብራቷን ማጥፋትና ሕመሙን ማዳን

የንባብ ክፍል፦ መዝሙር 32፥1-5፤ ኤርምያስ 6፥14



ብዙዎቻችን የምንነዳው አሮጌ መኪና ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያለችው መኪና ብታረጅም እንደ ድሮው በቀላሉ የምትተካ አይደለችም። እኛ በምዕራብ ሐረርጌ የምንኖር ደግሞ መንገዳችን ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከሚኤሶ ቆላ ተነሥቶ ወደ ጭሮ የሚያወጣውን ዳገት፣ ወደ ሂርና የሚወስደውን ጠመዝማዛ፣ ወደ በዴሳና ገለምሶ የሚያደርሰውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሞተርና ካምቢዮ እዚህ አገር እንዴት እንደሚፈተኑ ይመሰክራል።

የቤተ ክርስቲያናችን መኪና ሃያ ዓመት ያለፋት አውቶማቲክ ናት። ወንጌላውያንን ወደ ገጠር ታደርሳለች፤ በሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሆስፒታል ትወስዳለች። ባለፈው ዓመት ዳገቱን ስትወጣ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች፤ ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፤ ካምቢዮውም አንድ ማርሽ ላይ ቆሞ አልቀይርም አለ። እንዲህ የሚያደርገው እንዲያው እልህ ይዞት አይደለም። የካምቢዮው ኮምፒውተር የሚታመን መረጃ ሲያጣ ከባሰ ጉዳት ራሱን ለመጠበቅ አንድ ማርሽ ይይዝና እያዘገመ ቤት ይገባል።

ወሬው ሲሰማ አንድ ደላላ መጣ። ለማግስቱ ገዢ እንዳለው ነገረንና፣ “የባትሪውን ገመድ ለጥቂት ደቂቃ ፍቱት፤ መብራቷ ትጠፋለች። ሞተሩ ሳይሞቅ ጠዋት በሜዳው ላይ ያያታል” አለን። ሽማግሌዎች ተሰበሰብን። ገንዘቡ ያስፈልገን ነበር። ከገለምሶ ወዲያ ያለች አንዲት ታናሽ አጥቢያ ጣሪያዋን በላስቲክ ሸፍና ክረምቱን ትጠብቅ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ወንድም፣ “እኛ አንዋሽም፤ ከጠየቀን እንነግረዋለን፤ ካልጠየቀን ግን…” ብሎ ዝም አለ። ዝምታው ለጥቂት ጊዜ ሁላችንንም ያዘን። በመጨረሻ ሒሳብ ያዣችን የሆነችው እናት፣ “መብራቷን አጥፍተን ባገኘነው ገንዘብ ላይ ምን ብለን እንጸልያለን?” አለች። ጉዳዩ በዚያው አለቀ።

ገዢው ከሂርና የመጣ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ያለውን ሁሉ ነገርነው። ሻዩን ጠጥቶ፣ “ሐቁን ስለ ነገራችሁኝ አላህ ይስጣችሁ” ብሎ ሄደ። አልተመለሰም። አጥቢያዋም ያን ክረምት በላስቲክ ሥር አሳለፈች። እውነት መናገር ዋጋ እንደሚያስከፍል የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋን ለአንድ ወጣት መካኒክ ሰጠናት። ጋራዥ ውስጥ አጠገቡ ቆሜ ያየሁት ነገር ከብዙ ስብከት በላይ አስተምሮኛል።

ይህች ቢጫ መብራት ታሪክ አላት። አሜሪካኖች፣ በተለይም ካሊፎርኒያዎች፣ ከተማቸውን ያፈነውን የመኪና ጭስ ለመቆጣጠር ሲሉ መኪና የራሱን ሕመም እንዲመረምር ሕግ አወጡ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ እዚያ የሚሸጡ አውቶሞቢሎች ሁሉ ከመሪው አካባቢ ባለ 16 ፒን ሶኬት እንዲኖራቸውና በአንድ ዓይነት የኮድ ቋንቋ እንዲናገሩ ታዘዘ። ሌላውም ዓለም ተከተለ። ኮዱ በአንድ ፊደል ይጀምራል፦ “ፒ” ከሆነ ነገሩ የሞተርና የካምቢዮ ነው፤ “ሲ” እንደ ፍሬን ያለው የሻንሲው ክፍል ነው፤ “ቢ” የቦዲው ነው፤ “ዩ” ደግሞ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር ነው።

መካኒኩ በመጀመሪያ በስልኩ በሚሠራ ርካሽ ማንበቢያ አነበበ። ሁለት ኮድ ወጣ፦ ፒ0700 እና ፒ0302። ስለ መጀመሪያው ስጠይቀው፣ “ፓስተር፣ ይቺ ኮድ ሕመሙን አትነግርዎትም። የምትለው ‘የካምቢዮው ኮምፒውተር የሚናገረው ነገር አለው፤ እሱን ጠይቁት’ ነው” አለኝ። ርካሹ ማንበቢያ የሚያናግረው የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ስለ ነበር፣ የካምቢዮውን የሚያናግር ሌላ ማሽን ተዋሰ። በዚያኛው ፒ0715 ወጣ። ይህ ወደ ካምቢዮ የሚገባው ዘንግ በምን ፍጥነት እንደሚዞር የሚናገረው ሴንሰር መስመር ላይ ችግር አለ ማለት ነው።

እኔ ሴንሰር ሊያዝዝ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ “ኮዱ ሴንሰሩ ሞቷል አላለም፤ መልእክቱ አልደረሰም ነው ያለው” ብሎ ቴስተሩን አነሣ። ሴንሰሩን ለካው፤ ደህና ነው። ገመዱን በእጁ እየዳሰሰ ተከተለ። አንድ ቦታ ላይ ከብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ልባሱ ተበልቶ፣ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ፣ በሁለት ክር ብቻ ተንጠልጥሎ አገኘው። ቆረጠ፣ በየደ፣ ሸፈነ። ለአንዲት ገመድ ሲባል ሙሉ ካምቢዮ ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ልንሄድ ነበር ማለት ነው።

ፒ0302 ደግሞ ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አይተኩስም ማለት ነው። ካንዴላው ይሁን፣ ኮይሉ ይሁን፣ የነዳጅ መርጫው ይሁን ኮዱ አይለይም። መካኒኩ የሁለተኛውን ኮይል አውጥቶ ከሦስተኛው ጋር አለዋወጠና ሞተሩን አሞቀ። ኮዱ ተለውጦ ፒ0303 ሆነ። ሕመሙ ከኮይሉ ጋር ተዛወረ፤ በሽተኛው ታወቀ። አንድ ኮይልና አራት ካንዴላ ተገዛ።

ኮዱን ከማስታወሻው ያጠፋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚያም ወደ አሰቦት ወርደን ዳገቱን እንደገና ወጣን፤ መብራቷ አልበራችም። ልብ በሉ፤ ደላላውም መካኒኩም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም “መብራቷ ትጥፋ” አሉ። በሥራው መጀመሪያ ላይ ሲደረግ ማታለል ነው፤ በሥራው መጨረሻ ላይ ሲደረግ ግን የፈውስ ምስክር ነው። ደግሞም ኮድ ሲጠፋ የኮምፒውተሩ የራስ ምርመራ ገና እንዳልተጠናቀቀ ተመዝግቦ ይቆያል። የሚያውቅ ሰው ማሽን ሰክቶ ቢያይ በቅርቡ እንደ ተሰረዘ ያውቅበታል። የተሸፈነ ነገር ሁሉ የመሸፈኑን ምልክት ይዞ ይኖራል።

ወገኖች ሆይ፣ ከዚህ ሦስት ነገር እንያዝ።

አንደኛ፣ የመንፈስ ቅዱስ ወቀሳ አድራሻ አለው። በዮሐንስ 16፥8 ላይ ስለ መንፈስ ቅዱስ የተጻፈው የግሪኩ ቃል “ኤሌንኮ” ወደ ብርሃን አውጥቶ ማሳየት፣ አስረድቶ መውቀስ የሚል ስሜት አለው። ከሳሹ፣ “አንተ እርባና የለህም፤ ይህች መኪና ቆርቆሮ ናት” ይላል እንጂ ቦታውን አያሳይም። መንፈስ ቅዱስ ግን፣ “ሁለተኛው ሲሊንደር” ብሎ ይነግርሃል፦ ያ ውሸት፣ ያ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ከወንድምህ ጋር ያለው ያ ቂም። ናታን ወደ ዳዊት ሲመጣ በምሳሌ ጀመረ፤ የጨረሰው ግን በስምና በአድራሻ ነው። የሚኮንንህ ድምፅ አድራሻ ከሌለው፣ የማን ድምፅ እንደ ሆነ መርምር።

ሁለተኛ፣ ብዙው ንስሐችን ፒ0700 ነው። “ጌታ ሆይ፣ ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን” እንላለን። እውነት ነው፤ ግን የሚናገረው አንድ ነገር እንዳለ ብቻ ነው። በመዝሙር 32 ዳዊት ዝም ባለ ጊዜ አጥንቱ እስኪያረጅ ደከመ፤ በደሉን ሳይሸፍን ለጌታ በነገረው ጊዜ ግን ይቅርታን አገኘ። እንግዲህ ወደ ውስጥ ወርዶ የሚጠይቀውን እርሱን እንፍቀድለት።

ሦስተኛ፣ ሳይጠገን ሰላም አንበል። ኤርምያስ የዘመኑን ካህናትና ነቢያት የወቀሰው የሕዝቡን ስብራት በላይ በላዩ እያከሙ ሰላም በሌለበት ሰላም ነው ስላሉ ነው። በየአጥቢያችን የተጣሉ ሰዎችን ይዘን፣ “በሉ ይቅር ተባባሉ” ብለን፣ አሳቅፈን እናሰናብታለን። የባትሪ ገመድ ፈታን እንጂ ምን አደረግን? ሦስት ወር ሳይሞላ መብራቷ ተመልሳ ትበራለች። ባልና ሚስትም “ትዳሩ አልቋል” ብለው ይመጣሉ። ጊዜ ወስደን ገመዱን ስንከተል ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልእክት የተቋረጠበትን አንድ ቦታ ነው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። በመኪናም ቀይ መብራት አለ፦ የዘይት ግፊት፣ የሞተር ሙቀት። እሱ ሲበራ “ቤት ድረስ ልንዳ” አይባልም፤ ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት ነው። ቢጫዋም ብልጭ ድርግም ካለች ፍጥነት ቀንሱ፣ ሞተሩን አታስጨንቁ። ድብደባ ያለበት ቤት ቀይ መብራት የበራበት ቤት ነው። እህቴ፣ በዚያ ውስጥ ካለሽ “ታገሺ” የሚልሽን አትጠብቂ፤ መጀመሪያ ከአደጋው ውጪ፤ ለምታምኛቸው ሰዎችም ንገሪ።

በዚህ ሳምንት ለብቻችሁ ጊዜ ወስዳችሁ መዝሙር 139፥23-24ን እያነበባችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ በሕይወቴ የትኛዋን መብራት ነው አጥፍቼ የምነዳው? ንስሐዬ አድራሻ አለው ወይ? ሰው ስላልጠየቀኝ ብቻ ዝም ያልኩት ነገር አለ ወይ?

ጌታ ሆይ፣ የምትወቅሰን ልትጥለን ሳይሆን ልትጠግነን ስለ ሆነ እናመሰግንሃለን። የተበላውን ገመድ በእጅህ ዳስሰህ አግኘው። ዋጋ ቢያስከፍለንም እውነትን የምንናገርበትን ጸጋ ስጠን። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።