አንድ ደጅ፣ ሁለት ትምህርት ቤት

እንደ ሼከር ሃይትስ የሚያስቆጨኝ የአሜሪካ ከተማ የለም። ጥቁርና ነጭ ተለያይተው የሚኖሩባቸው፣ ለመቀራረብም አንድ ቀን ሞክረው የማያውቁ ከተሞች ሞልተዋል። ከእነሱ የጠበቀ ስለሌለ የሚያንገበግብም ነገር የለም። ሼከር ሃይትስ ግን መንገዱን አጋምሳ ነበር።

ኦሃዮ ውስጥ፣ ክሊቭላንድን ተጎራብታ ያለችው ይህች የባለጸጎች ከተማ በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታቷ፣ ያለ አልሚው ኩባንያና ያለ ጎረቤት ፈቃድ ቤት እንዳይሸጥ በሚያስገድድ ውል ጥቁርና አይሁዳዊ እንዳይገባባት ታጥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ጆን ፔግ የተባለ ጥቁር ጠበቃ ሉድሎው ሰፈር በሚያሠራው ቤት ላይ ቦምብ ፈነዳ። የሰፈሩ ጥቁርና ነጭ ነዋሪዎች ግን በዓመቱ ማኅበር አቋቋሙ። ነጩ ደንግጦ ቤቱን እየሸጠ እንዳይወጣ እየተማከሩ፣ አዲስ ለሚገባውም ብድር እያመቻቹ ሰፈራቸውን አቆዩ። በ1970 ደግሞ የጥቁር ልጆችን ብቻ በአውቶቡስ ወደ ሌላ ሰፈር ትምህርት ቤት የማመላለስ ዕቅድ ሲወጣ፣ ነጭ ወላጆችም ልጆቻቸውን ወደ ጥቁሮቹ ትምህርት ቤት ለመላክ ፈቃደኛ ሆኑ። ብዙው ከተማ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እየተጎተተ የፈጸመውን እነሱ በፈቃዳቸው ጀመሩት።

ታዲያ ይህ ሁሉ የተደከመለት ልጅ ሃይስኩል ሲገባ ምን ጠበቀው? በአንድ በር ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ገባ፤ ደወል ሲደወል ተለያዩ። ትምህርቱ በደረጃ የተደለደለ ነበርና ከፍተኛው ክፍል በአመዛኙ የነጭ፣ ዝቅተኛው በአመዛኙ የጥቁር ሆነ። ከፍተኛው ክፍል የደረሰ ጥቁር ተማሪ ዙሪያውን ሲያይ እሱን የሚመስል አንድ ወይም ሁለት ልጅ ያገኛል። ጓደኞቹ ሌላ ክፍል፣ ምሳ ሰዓትም ሌላ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ይህን በየቀኑ የሚያይ የ14 ዓመት ልጅ፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ጉብዝና የማን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይደመድማል። የትምህርት ፕሮግራሙ ራሱ ነግሮታል።

ተማሪዎቹ ዝም አላሉም። በ1983 ትልልቆቹ ወደ አንደኛ ደረጃ ክፍሎች እየወረዱ ልጆችን ስለ ዘርና ስለ ጓደኝነት የሚያስተምሩበት ቡድን ተቋቋመ። በ1990 ጥሩ ውጤት ያላቸው ጥቁር ወንዶች ታናናሾቻቸውን ይዘው የሚያበረታቱበት ማኅበር ተጀመረ፤ ጎበዝ መሆን የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያኮራ እንዲሆን የደከሙ ልጆች ነበሩ። የድርሻቸውን ተወጥተዋል። ድልድሉን ማፍረስ ግን በእነሱ እጅ አልነበረም፤ በአዋቂዎች እጅ ነበር።

በ1997 ትልቁ ዕድል መጣ። የውጤቱ ልዩነት ያስጨነቃቸው ጥቁር ወላጆች ጆን ኦግቡን ጋበዙ። ናይጄሪያ የተወለደ፣ በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ስመ ጥር አንትሮፖሎጂስት ነበር። ወራት ተቀምጦ ክፍል ገባ፣ ተማሪ፣ መምህርና ወላጅ አነጋገረ። የጥቁር ተማሪዎች አማካይ ውጤት 1.9፣ የነጮቹ 3.45 ነበር። ጥናቱ በ2003 በመጽሐፍ ሲወጣ የደረጃ ድልድሉንም መምህራን ከጥቁር ልጅ ብዙ አለመጠበቃቸውንም ይዟል። አገር ምድሩ የተነታረከው ግን በሌላው ድምዳሜ ላይ ነው፤ ልጆቹ በቂ ጥረት አያደርጉም፣ «ነጭ መሆን አማረህ» መባልንም ይፈራሉ በሚለው። አንዱ ወገን ጥፋቱ የልጆቹ ባህል ነው ሲል ሌላው ዘረኝነት ነው ሲል ጋዜጣው ሞላ፤ ኦግቡም በዚያው ዓመት አረፈ።

ወይ ነዶ! ድልድሉና የልጆቹ ፍርሃት እኮ አንድ ነገር ነበሩ። ካሮሊን ታይሰንና ባልደረቦቿ በ2005 ሰሜን ካሮላይና ላይ ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳየ። ጥቁር ልጆች ለትምህርት ጥላቻ ይዘው አይመጡም፤ ጎበዙን ልጅ በነጭነት መክሰስ የሚበረታው ከፍተኛው ክፍል በአመዛኙ በነጮች በተያዘበት ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ «ባህላቸው» የተባለውን የተማሩት እዚያው ኮሪደር ላይ ነበር። ድልድሉን የሠራው አዋቂ፣ ድልድሉ ያፈራውን ስሜት በልጁ ላይ ወንጀል አድርጎ ጻፈበት።

ሼከር ሃይትስ በብዙ ክፍሎች ድልድሉን አስቀርታ ልጆቹን የቀላቀለችው በ2020 ነው፤ ያውም በኮቪድ ወረርሽኝ መሃል። ኦግቡ በመጣበት ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ያኔ ሠላሳ ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ገንዘቡ ነበር፣ ጥናቱ ነበር፣ ለአብሮነት ቤቱንና ልጁን የሰጠ ሕዝብ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት በጥፋተኛ ፍለጋ አለቀ።

ይህ ቁጭት አሜሪካ የምንኖር የእኛ የአበሾችም ነው። ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን ማስታወቂያ በአማርኛ ጭምር እስኪያወጡ ድረስ ልጆቻችን በርክተዋል። ኦግቡ በፈቃዱ የተሰደደ ሰው መድሎን እንደሚያልፍ መሰናክል ያየዋል ይል ነበር። እኛም «ልጄ፣ አንተ ትምህርትህ ላይ ብቻ አተኩር» የምንለው ለዚህ ነው። ልጁን ግን ኮሪደር ላይ አባቱ መቼ እንደመጣ የሚጠይቀው የለም፤ የሚታየው ቆዳው ነው። ቤት ገብቶ ያየውን ሲናገር «ሰበብ አታብዛ» ከተባለ፣ ሁለተኛ አይናገርም።

አበው ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይላሉ። በአሜሪካ ስምንተኛ ክፍል አልጀብራ የጀመረ ልጅ ጂኦሜትሪን፣ ሁለተኛውን አልጀብራና ፕሪካልኩለስን አልፎ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ ይደርሳል። አንድ ዓመት የዘገየ፣ ሁለት ኮርስ በአንድ ዓመት ካልደረበ ወይም በክረምት ካልተማረ አይደርስም። ስለዚህ የሃይስኩሉ ዕጣ የሚወጣው መካከለኛ ደረጃ ላይ ነው፤ ብዙ ወላጅ ጥያቄ ማንሳት ከመጀመሩ በፊት። ካውንስለሩን ልጄን እዚህ ክፍል የመደበው ማነው፣ በምን መለኪያ፣ ከፍ እንዲል የሚያስፈልገውስ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ መብት ነው። የጎረቤትን ልጅ ጉዳይም አብሮ ማንሳት ይገባል፤ አበሻ ይሁን አይሁን። የእኛ ልጅ ብቻውን ተለይቶ ከፍተኛው ክፍል ቢገባ፣ የሼከርን ብቸኛ ተማሪ ኑሮ ነው የሚወርሰው።

የሼከር ወላጆች በጊዜው ጠይቀው ነበር። ስለ ክፍሎቹ ጠይቀው ስለ ልጆቻቸው ጠባይ ተመለሰላቸው። ያንን መልስ ዛሬ የሚሰጠን ትምህርት ቤት ሲገጥመን ተቀብለን መውጣት የለብንም፤ የእነዚያ ልጆች ሃያ ሦስት ዓመት የባከነው እሱን በመቀበል ነው።