አንድ እሑድ ለአዋሽ



ስለ ምድረ በዳ ስንት ጊዜ እንደ ሰበክሁ ቆጥሬ አላውቅም። የእስራኤል አርባ ዓመት፣ ኤልያስ ሞትን ሲለምን፣ ጌታችን ሲፈተን። ነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን መምህራችን «ሚድባር» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል አሸዋ ብቻ ማለት እንዳልሆነ፣ መንጋ የሚሰማራበትን ደረቅ ሜዳም እንደሚጨምር አስተምሮናል። ደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ። እንዲህ ያለው ሜዳ ግን ከእኛ ከአቃቂ ቃሊቲ ተነሥቶ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ እያለ አንድም ቀን በእግሬ ረግጬው አላውቅም። ለኮንፈረንስ ወደ ድሬዳዋ ስወርድ በአውቶቡስ መስኮት አይቼዋለሁ፤ እሱም እንቅልፍ ካልወሰደኝ።

የመጀመሪያው ልጄ ፎቶ አንሺ ነው። ሠርግና ምረቃ ያነሣል። በፊት በቤተ ክርስቲያናችን በሚዲያ ክፍል ያገለግል ነበር፤ አሁን አይመጣም። (ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ምክንያቱን ግን ለራሱ እተውለታለሁ።) ስንገናኝ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፣ አባዬ» ተባብለን ዝም እንላለን። ካቻምና አንድ አሮጌ ካሜራውን ሰጠኝና አጠቃቀሙን እያሳየኝ ሳለ፣ «በጋው ሲገባ አዋሽ ፓርክ ልውሰድህ፤ ሳላ ታነሣለህ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምናወራው አገኘን።

ለምን በጋ እንደሆነ አስረዳኝ። ጥር ላይ ሣሩ ደርቆ ያጥራል፣ ውሃ ያለበት ቦታ ስለሚያንስ እንስሳቱ ወደ ወንዙ ይቀርባሉ፤ ሙቀቱም እንደ ሚያዝያና ግንቦት አይከፋም። ሆኖም ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከሩቅ የተነሣ ፎቶም ይደበዝዛል። ስለዚህ ጥሩው ብርሃን ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታትና ከመጥለቋ በፊት ያለው ጥቂት ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ፓርኩ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ጠዋት ከቤት ተነሥቶ ያን ብርሃን ማግኘት አይቻልም። አዋሽ ሰባት ማደር ያስፈልጋል። ነፋስ ባለበት ሌንስ እንዳልቀይር፣ አቧራ ከገባ የሁሉም ፎቶ ሰማይ ላይ ነጠብጣብ እንደሚወጣ አስጠነቀቀኝ።

የእሱ ሐሳብ ግን ከሳላና ከሰጎን ያለፈ ነበር። የአቃቂን ወንዝ ታውቁታላችሁ፤ ድልድዩን የምንሻገረው አፍንጫችንን ይዘን ነው። የከተማው እዳሪና የፋብሪካ ዝቃጭ የሚወርድበት ይህ ውሃ አባ ሳሙኤል ገብቶ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽም ቆቃን አልፎ ፓርኩ ውስጥ ከገደል ይወረወራል፤ ከፏፏቴው በታች አዞ ይተኛል። ከዚያ ወደ አፋር ወርዶ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ልጄ የመጀመሪያውን ፎቶ እዚሁ ድልድያችን ላይ፣ የመጨረሻውን ፏፏቴው ላይ እንድናነሣ ፈለገ። እኔ በዚህ ወንዝ አጠገብ ስኖር ወዴት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ለጥር 2017 ቀን ቆረጥን። መሬቱ ግን ከዚያ በፊት መናወጥ ጀመረ። ታኅሣሥ 26 ቅዳሜ ሌሊት የደረሰው 5.8 የተለካ ነበር፤ እኛም ቤት አልጋው ተወዛወዘ፣ ባለቤቴ «ኢየሱስ!» ብላ ተነሣች። በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ተሰነጠቀ፣ ቤቶች ፈረሱ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ። በዚያ ሰሞን ካሜራ ተሸክሞ ሳላ ፍለጋ መሄድ አልታሰበም። እንደማንሄድ ስነግረው ልጄ፣ «ይሄኛው እንኳን ያንተ ጥፋት አይደለም» አለኝ።

«ይሄኛው እንኳን» የሚለው ቃል ልቤ ውስጥ ቀረ። ወደ ላንጋኖ ልንሄድ ሻንጣ ጭነን በለቅሶ የተመለስንበት ቀን አለ። የሽማግሌዎች አስቸኳይ ስብሰባ የወሰደው የልደት ቀኑም አለ። ሁሉም ተገቢ ምክንያት ነበረው። ጥቅስም ነበረኝ፤ ማርቆስ 6። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው እንዲያርፉ ጠራቸው፤ ሕዝቡ ግን ቀድሞ ደረሰ፣ ጌታም አዘነላቸው። እኔ ዘወትር የምሰብከው ሁለተኛውን ክፍል ነበር። ጥሪውን፣ ማለትም ለመብላት እንኳ ጊዜ እንዳጡ አይቶ እረፉ ያላቸውን፣ እንደ መግቢያ እያነበብኩ አልፈው ነበር። የዔሊንና የሳሙኤልን ልጆች ታሪክ ስሰብክም ሁልጊዜ ልጆቹን ነበር የምወቅሰው።

ዘንድሮ እንደገና ማቀድ ጀመርን። እኔ ያወጣሁት ዓርብ ከሰዓት ተነሥተን፣ ቅዳሜ ጠዋት አንሥተን፣ ማታ እንድንመለስ ነበር፤ እሑድ ሰባኪው እኔ ነኝና። ልጄ ወረቀቱን አየና፣ «አባዬ፣ የመጀመሪያው ቀን መማሪያ ነው፤ ፎቶ የሚገኘው በሁለተኛው ነው። ቅዳሜን ብቻ ከሆነ ይቅር» አለ። አልተቆጣም። ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ።

ሦስት ቀን አሰብሁ፣ ጸለይሁም። እውነቱን ልናገር፣ ያስቸገረኝ እሑድን የሚሰብክ መጥፋቱ አልነበረም። ከእኔ የተሻለ የሚሰብክ ወጣት አለን፤ ያለ እኔ አንድ እሑድ ደህና ሆኖ ቢያልፍ ምን እሆናለሁ የሚለው ነበር። ለሽማግሌዎቹ ስነግራቸው አንዱ፣ «ፓስተር፣ ለፎቶ ነው?» አለኝ። ለፎቶ ነው አልሁት። ከልጄ ጋር መሆኑን ስጨምርለት ዝም አለና፣ «እንግዲያው መኪናዬን ውሰዱ፤ የእናንተው እዚያ አቧራ ላይ አይችልም» አለ።

ትናንት ማታ ዕቃ ዝርዝር ስንጽፍ፣ ሁለተኛ ባትሪ፣ የአቧራ ጨርቅ፣ ለሌሊቱ ብርድ ጋቢ፣ ልጄ ቀና ብሎ፣ «እሑድ ጠዋትስ? ጸሎትህን የት ታደርሳለህ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ወንዙ ዳር እንጸልያለን።»

«አንተ ትጸልያለህ» አለ፤ «እኔ ቡናውን አፈላለሁ።» ከዚያም ዝርዝሩ ላይ ጀበና ብሎ ጨመረ።