ለልጃችን የዱባይ ሥራ ስንፈልግ

እኛ ሦስት እህትማማቾች ነን። መርካቶ አንድ ሱቅ አለን፤ ከዱባይ የወጥ ቤት ዕቃና የአልጋ ልብስ እናመጣለን። ከሦስታችን ኮሜርስ ገብታ በ1993 ዓ.ም. በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ የያዘችው አንዷ ናት፤ ይህን የምትጽፈውም እሷ ናት። ገንዘቡም ስህተቱም የሦስታችን ስለነበረ ግን "እኛ" እያልን እንቀጥላለን።

የታላቃችን ልጅ በአካውንቲንግ ተመርቃ በአንድ ባንክ የዓለም አቀፍ አገልግሎት ክፍል አምስት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ የአስመጪዎችን ኤልሲ መክፈትና ከውጭ የሚመጣውን ሰነድ መመርመር ነበር። ደመወዟ ከቤት ኪራይ አያልፍም። "እናንተ ዱባይ ሰው ታውቃላችሁ" ስትለን ደስ አለን፤ እውነትም የምናውቅ መስሎን ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ግን ወደ ደላላ ነው። ቦሌ ላይ ጥሩ ቢሮ ነበረው፣ ቡናም ቀረበልን። በአራተኛው ቀን የአካውንታንት ቅጥር ደብዳቤ አመጣ፤ ደመወዙ 12,000 ድርሃም ይላል። ልጅቷን ያነጋገራት ሰው የለም፣ ቃለ መጠይቅ የለም። "ለቪዛ 120,000 ብር" አለን፤ ግማሹን ከዕቁባችን ከፈልን። አንድ ካርቶን ብርጭቆ ስንረከብ ከፍተን ሳንቆጥር የማንፈርም ሰዎች ያን ወረቀት እንዲሁ ተቀበልነው። ዲፕሎማ ያላት እህት ማታ መነጽሯን አድርጋ ስታነበው የኩባንያው አድራሻ ተራ ጂሜይል ነው፤ የንግድ ፈቃድ ቁጥር የሚባል ነገር የትም የለም። ስንጠይቀው "ቀሪውን ክፈሉና ሁሉም ይስተካከላል" አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኩ ተዘጋ፤ 60,000 ብራችንም እዚያው ቀረ።

የሚያንገበግበው ሕጉ ከእኛ ጋር መሆኑ ነው። ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ባዋለችው የሥራ ሕግ አሠሪ የምልመላና የቅጥር ወጪን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛ መቀበል አይችልም። የእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የሥራ ፈቃድንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ይህን ያነበብነው ከከፈልን በኋላ ነው።

ከዚያ የቀረን አንድ በር ነበር፤ እሱን ለማንኳኳት ሁለት ወር ፈራን። ዴይራ ውስጥ ለ11 ዓመት ዕቃ የምንወስድበት ጅምላ ሻጭ አለ። ግማሹን በእጅ እንከፍላለን፣ ግማሹን በ45 ቀን። ይህን ዱቤ የሚፈቅደው ባለቤቱ ሳይሆን ሂሳብ ሹሙ ነው፤ የኬረላ ሰው፣ ቁጥብ፣ ከሻይ በፊት ሂሳብ የሚያነሳ። ከእሱ ጋር ብዙ ተከራክረናል፤ ደረሰኝ ሳንይዝ ግን አንድም ቀን ተከራክረን አናውቅም።

ልጃችንን አቅርበን ብታሳፍረን የሚበላሸው የእሷ ስም ብቻ አይደለም፤ የ45 ቀኑ ዱቤም አብሮ ይሄዳል። ያለ እሱ ሱቃችን ሦስት ወር አይቆምም። መካከለኛዋ እህታችን "እትዬ፣ አንድ ልጅ ለማስቀጠር የስድስት ልጆች እንጀራ አናሲዝም" አለች። እውነቷን ነበር። እትዬ ግን እናት ናትና ተነስታ ወጥታ አለቀሰች። ለሦስት ቀን ሱቅ ውስጥ ከ"ዋጋው ስንት ነው" ሌላ ወሬ አልነበረም።

በመጨረሻ የተስማማነው "ቅጠርልን" ላንል፣ የምናውቀውን ብቻ ልንነግረው ነው። ዘመዳችን መሆኗንም አልደበቅንም። "ዘመድ መሆኗን ሰማሁ" አለ ሂሳብ ሹሙ፤ "አሁን ምን እንደሠራች በአንድ ገጽ ላኩልኝ።"

ሲቪዋ አራት ገጽ ነበር። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ አለበት፣ "ታታሪና በቡድን መሥራት የምትወድ" ይላል። ሁሉንም አወጣነው። በምትኩ በወር ስንት የሰነድ ጥቅል እንደምትመረምር፣ ከየትኞቹ አገሮች እንደሚመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስመልሰው ስህተት የቱ እንደሆነ ጻፈች፤ የደንበኛ ስም ግን አንድም አልጠቀሰችም። ይህን ለመጻፍ አራት ገጹን ለመጻፍ ከወሰደባት ጊዜ ይበልጥ ወሰደባት።

እሱ ገጹን ለድርጅቱ ሠራተኛ ለሚመለምል ቢሮ አስተላለፈው። ትክክለኛ መልማይ ምን እንደሚመስል ያኔ አየን። የሚከፍለው አሠሪው ስለሆነ ከእኛ ሳንቲም አልጠየቀም፤ ግን አላባበለንም። ገዢ የላከው ዕቃ መራጭ ማለት ነው፣ እያገላበጠ ያያል። አንዲት ሴት በቪዲዮ ደወለችና ሰላምታ እንደጨረሰች "ዕቃው ከተጫነ በ24ኛው ቀን ሰነድ ቢቀርብልሽ ምን ታደርጊያለሽ?" አለቻት። እኛ በር ሥር ቆመን እንሰማለን። ልጃችን በዩሲፒ 600 መሠረት ሰነድ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት፣ ኤልሲው ሌላ ጊዜ ካልፈቀደ ዘግይቷል ተብሎ እንደሚያዝ፣ ለምርመራው ባንኩ እስከ 5 የባንክ የሥራ ቀን እንዳለው፣ አስመጪው ልዩነቱን ይቀበል እንደሆነ እንደሚጠየቅ ተናገረች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። የእኛ ጉልበት ነው የተንቀጠቀጠው።

ቀጥሎ "ታሊ ትችያለሽ?" መጣ። አትችልም፤ የተማረችው ፒችትሪ ነው። (ፒችትሪ ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ቆይቷል፤ እኛ አገር ነው አሮጌው ስም የቀረው። ልጆቻችሁ ሲቪ ላይ አዲሱን ይጻፉ።) "ሦስት ሳምንት ስጪኝና ፈትኚኝ" አለቻት። ለመማሪያ በነፃ የሚገኘውን ታሊ አውርዳ የሱቃችንን የአንድ ዓመት ሂሳብ አስገባችበት፤ በነገራችን ላይ አንድ የረሳነው የጉምሩክ ክፍያም አገኘችልን። መልማይዋ በ22ኛው ቀን ደወለች።

የተሰጣት ቦታ አካውንታንት አይደለም፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ደንበኞች የሚመጣውን ኤልሲና ሰነድ የምትከታተል ረዳት ነው፣ በ5,500 ድርሃም። ከደላላው ወረቀት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ቪዛውንና ትኬቱን አሠሪው ከፈለ። እኛን ያዘገየን ዲግሪው ነው፤ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምሬቶች ኤምባሲ እስኪረጋገጥ ከወር በላይ ሄደ። ሥራ እስኪገኝ ሳትጠብቁ ጀምሩት።

በጥቅምት ሄደች። በታኅሣሥ የውጭ ምንዛሪ አጥተን ክፍያ ዘገየብን። አንድ ጠዋት ከጅምላ ሻጩ ኢሜይል መጣ፤ "ውድ ደንበኞቻችን፣ የ18,400 ድርሃም ቀሪ ሂሳባችሁ የመክፈያ ጊዜው 11 ቀን አልፎታል፤ የሚከፈልበትን ቀን እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።" ከሥሩ የልጃችን ስም። የእኛን መዝገብ ለእሷ የሰጣት ሂሳብ ሹሙ ሆን ብሎ ይመስለናል።

እትዬ ደጋግማ አነበበችውና "እንደምን ናችሁ እንኳ አላለችም" አለች። ማታ ልጅቷ ደወለች፤ ስለ ሂሳቡ ቃል አልተነፈሰችም፣ የጠየቀችው የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ ነው። ሰኞ ዕለት ከፈልን።